ቱቦው ይሂድ፣ ታማሚው ይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ አዳዲሶቹ የደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች የቆየውን ዋርፋሪን ሊተኩ ይችላሉ ሲል የወጣው ጽሑፍ ለብዙ ታማሚ ትክክል ነው፤ በቶንሲል መዘዝ የልብ ቫልቩ ለጠበበበት ግን አይሆንም። እንዲህ ያለ ሰው የልብ ምቱ ሲዛባ ደም ከላይኛው የግራ ልብ ክፍል ይረጋል፤ ጓሉ ተነቅሎ አንጎል ሲደርስ ስትሮክ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ይፋ የሆነው ኢንቪክተስ የተሰኘ ጥናት በ24 አገሮች እነዚህኑ ታማሚዎች ተከታትሏል። ከአዳዲሶቹ አንዱ የሆነው ሪቫሮክሳባን ከተመደበላቸው 2,275 ሰዎች 552 ሲሞቱ፣ ዋርፋሪንና መሰሎቹ ከተመደቡላቸው 2,256 ግን የሞቱት 442 ናቸው። በከባድ የደም መፍሰስም ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ምክንያቱ ገና ያከራክራል፤ የዋርፋሪኑ ወገን በየወሩ ለአይኤንአር (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ ለሚለካው ምርመራ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ደሙ ቀጥኗል ማለት ነው) ሲመጣ ባለሙያ ማየቱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም ባዮች ነን።

ችግሩ ያ የወር ቀጠሮ ነው። ከሰንዳፋ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከሰበታ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይሮ መሀል ከተማ ይሰለፋል፤ አንድ ቀን ይቀራል፣ ከዚያ በአሮጌው መጠን ወራት ይገፋል። ደሙ ግን ያለ እሱ መጓዝ ይችላል። በሲትሬት ቱቦ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ያለበት፣ ክዳኑ ውሃ ሰማያዊ የሆነው) የተቀዳ ናሙና ክዳኑ ሳይከፈት በክፍል ሙቀት እስከ 24 ሰዓት ለአይኤንአር ይበቃል። ጠዋት በጤና ጣቢያ ተቀድቶ በሞተር ቢላክ፣ ከሰዓት ውጤቱ በስልክ ይደርሳል። የአዲስ አበባም የሸገርም የጤና ኃላፊዎች ይህን ቢነጋገሩበት ምን አለ? ደም የአስተዳደር ወሰን አያውቅም።

ጥንቃቄ የሚሹት ቀላል የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። ቱቦው እስከ ምልክቱ ካልሞላ ሲትሬቱ ለደሙ ይበዛበትና አይኤንአሩ በሐሰት ከፍ ይላል፤ ሐኪሙም መጠን ይቀንሳል፣ ታማሚው ጓል ይቋጥራል። እንደተቀዳ ሦስት አራት ጊዜ በቀስታ መገልበጥ እንጂ መነቅነቅ አይገባም። ናሙናውን በክትባት ሳጥን ከበረዶ ጋር መላክም ስህተት ነው፤ ቅዝቃዜው ራሱ የመርጋት ሂደቱን ይነካካል።

መጠን ሲስተካከል የሚታየው የሳምንቱ ድምር ነው። በቀን 5 ሚሊ ግራም የሚወስድ ሰው በሳምንት 35 ይወስዳል። ውጤቱ ከሚፈለገው በታች፣ 1.7 ቢሆን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ግማሽ ፍሬ (2.5 ሚሊ ግራም) ይጨመርለት፤ 37.5 ይሆናል፣ ይኸውም 7 በመቶ ግድም። በየቀኑ 7.5 ማድረግ በግማሽ ማሳደግ ነው፤ ውጤቱም ድድ መድማትና ጥቁር ሰገራ ሊሆን ይችላል። ለውጡ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ልኬቱ በሳምንቱ ይደገም፣ በማግስቱ አይደለም። የተረሳ ኪኒን በዚያው ቀን ከታወሰ ይወሰድ፤ በነጋታው ግን እጥፍ አይደረግ።

ለአሜባ ተብሎ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ፍላጂል (ኮትሪሞክሳዞልም እንዲሁ) ሳምንት ሳይሞላ አይኤንአርን ይሰቅላል። የቲቢው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ያወርደዋል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ደግሞ አይኤንአሩ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይሄኛው ነው። ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ መወጋትማ ጭራሽ አይታሰብ። ጎመን አትብሉ የሚለው ምክር ግን ይቅር፤ ጎጂው መዋዠቁ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጎመኑ በርክቶ አይኤንአር ይወርዳል፣ ፋሲካ ሲፈታ ይወጣል፤ ስለዚህ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንትና ከፋሲካ በኋላ ተጨማሪ ልኬት ይያዝ።

የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ትምጣ፤ ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ፅንሱን ይጎዳል፣ በራሷ ብታቆመው ደግሞ እሷን። ከናሙናው ጋር በሚሄደው ወረቀት ላይ የቫልቩ ዓይነት ይጻፍ። ቫልቩ ጠቦ ምቱ ለተዛባበት የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ሲሆን፣ በሚትራል ቦታ (በግራ ልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል) የብረት ቫልቭ ለተተካለት ከ2.5 እስከ 3.5 ነው፤ 2.2 ለአንዱ ደህና፣ ለሌላው አደጋ ነው።

ከሰላምታ ጋር
በለገጣፎ አካባቢ የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች