ሰዓቱን በቀይ ሰርዤዋለሁ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የላክሽልኝን የወንጀል ልብ ወለድ ረቂቅ፣ እናትሽ «በሌሊት የሬሳ ወሬ ማንበብ ምን የሚሉት ነው?» እያለች ብትቆጣኝም፣ በሁለት ሌሊት ጨርሼዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ሐኪሟ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከሚያወርደው ከሐረጎ ቁልቁለት ግርጌ በሆዱ ተደፍቶ የተገኘውን ሰው ገና በእጇ ዳስሳ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20 ላይ ሞቷል» ትላለች። በ28 ዓመት የችሎት ጸሐፊነቴ ብዙ የአስከሬን ምርመራ ውጤት በእጄ አልፏል፤ ደቂቃ የጠቀሰ ግን አንድም አላየሁም። ሬሳ የሚቀዘቅዝበት ፍጥነት እንደ ልብሱ፣ እንደ ሰውነቱ ግዝፈትና እንደ ነፋሱ ይለያያል። ገዳይሽ ደግሞ ሟቹን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከደሴ ብርድ አውጥቶ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት አውርዶታል፤ ስለዚህ ሐኪሟ ሁለት አየር የተፈራረቀበትን ገላ ነው የምትመረምረው። ለታሪክሽ እንዲህ ያለ ሲሳይ ተገኝቶ ሳለ በአንድ ዓረፍተ ነገር አባከንሽው።

አያትሽ ያረፉት ሌሊት፣ መደብ ላይ በጀርባቸው እንደተኙ ነበር። ረፋዱ ላይ ጀናዛው ሲታጠብ እኔ ውኃ አቀብል ነበር። ገልበጥ ሲያደርጓቸው ጀርባቸው ወይን ጠጅ መስሏል፤ ሽርጣቸው በታሰረበት ወገባቸው ዙሪያ ግን ጣት የምታህል ነጭ መስመር ቀርታለች። አንዱ ጎረምሳ «ተመትተዋል እንዴ?» ብሎ ሲያንሾካሹክ፣ ሽማግሌው አጣቢ ቀና ሳይሉ «አብሽር፤ ደም እንደ ውኃ ቁልቁል ነው የሚሄደው» አሉት። ሐኪሞችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ደግሞ ቀለሙ በያዘው ቦታ ስለሚረጋ፣ ሬሳው ቢገለበጥም አብሮ አይገለበጥም። እንግዲህ የአንቺ ሟች በሆዱ ተደፍቶ ጀርባው ቢጠቁር ኖሮ፣ ሐኪሟ ሰዓት መቁጠሩን ትታ «ማን ገለበጠው?» ብላ ትጠይቅ ነበር።

ሌላው፣ አስከሬኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት ቀን ሲቆይ ቤተሰቡ የት ሄዶ ነው? እኛ ዘንድ ጠዋት የሞተ ሰው ከአስር ሶላት በፊት አፈር ይቀምሳል። «ለምርመራ አዲስ አበባ ይሂድ» የተባለ እንደሆነ፣ የ400 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ስንት ሽማግሌ ይላካል፣ ስንት እናት በር ላይ ትወድቃለች! ሐኪምሽ ከገዳዩ አስቀድማ የምትጋፈጠው እነዚህን ነው፤ አንቺ ግን ከነጭ ክፍሏ ንቅንቅ አላደረግሻትም። አሜሪካዊቷ ፓትሪሺያ ኮርንዌል የአስከሬን መርማሪዋን የዶክተር ስካርፔታን የመጀመሪያ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1990 ከማሳተሟ በፊት፣ በቨርጂኒያ ዋና የአስከሬን መርማሪ ቢሮ ተቀጥራ ለዓመታት ሠርታለች። አንቺም ቢያንስ አንድ ቀን ከሆስፒታል በር ላይ ጀናዛ ከሚጠብቁት ጋር ተቀምጠሽ ዋይ።

ረቂቁን ከነእርማቴ በነገው አውቶቡስ እልክልሻለሁ። ሰዓቱን በቀይ ሰርዤዋለሁ። የሽርጡን መስመር ከፈለግሽ ውሰጂው፤ አያትሽ አይቀየሙም።

አባትሽ
ደሴ