የእንግሊዝኛ ክበብ ዓመት፦ ከ«ባይ» ወዲያ ያለው ፓሲቭ

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ርዕስ ይዞ ነው የከረመው። ፓሲቭ ቮይስ፣ ማለትም ተደራጊ ግስ፣ ከኋላው የትኛውን ፕሪፖዚሽን፣ ማለትም እንደ «ባይ» እና «ዊዝ» ያለ መስተዋድድ፣ ያስከትላል? ርዕሱ ሲመረጥ «ዓመቱን ሙሉ ለዚህች?» ያሉ አባላት ነበሩ። አዎ፣ ዓመቱን ሙሉ። እንዲያውም አልበቃንም።

ክፍል ውስጥ ፓሲቭ የሚለመደው በመገልበጥ ነው። ተሳቢው ወደ ፊት ይመጣል፣ ግሱ ይለወጣል፣ አድራጊው «ባይ»ን አስቀድሞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን ተማሪዎቻችን አሳምረው ይሠሩታል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፓሲቭ ባዩ ቁጥር እጃቸው «ባይ» ይጽፋል። ጠረጴዛው «ሜድ ባይ ውድ» ይሆናል። ኳስ የሚወደው ልጅ «ኢንተረስትድ ባይ ፉትቦል» ይባላል።

በእኔ እምነት መገልበጥ ብቻውን ጥሩ መልመጃ አይደለም። በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ከ5 ተደራጊ ዓረፍተ ነገሮች 4ቱ ገደማ አድራጊያቸውን አይናገሩም። ፓሲቭ የሚመረጠውም ብዙ ጊዜ ለዚሁ ነው፤ አድራጊው አይታወቅም ወይም አያስፈልግም። መልመጃው ግን አንዱንም ሳይተው «ባይ» ያስጽፋል። ተማሪው ታዲያ ሌላ ምን ይልመድ?

የጀመርነው ከተሰበረ መስኮት ነው። «መስኮቱ በልጁ ተሰበረ» እና «መስኮቱ በድንጋይ ተሰበረ» ብለን ሰሌዳው ላይ ጻፍን። አማርኛ ለሁለቱም «በ» ይበቃዋል። እንግሊዝኛ ግን ልጁን «ባይ ኧ ቦይ»፣ ድንጋዩን «ዊዝ ኧ ስቶን» ይላል። አንዷ የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ድንጋዩ ከገደል ተንከባሎ ቢሰብረውስ?» ያን ቀን ከተጠየቁት ሁሉ ምርጡ ጥያቄ ይህ ነበር። ያኔ «ባይ ኧ ስቶን» ነው የሚባለው። ማንም አልወረወረውምና ድንጋዩ ራሱ ሰባሪ ነው። «ዊዝ» ካልን ግን መሣሪያውን የያዘ አንድ ሰው ከጀርባ አለ ማለታችን ነው፣ ስሙ ባይጠቀስም እንኳ።

«ሜድ» ደግሞ ራሱን የቻለ ስብሰባ ወሰደብን። ጠረጴዛ «ሜድ ኦፍ ውድ» ነው፤ እንጨቱ አሁንም ይታያል። ወረቀት «ሜድ ፍሮም ውድ» ነው፤ እንጨቱ ሌላ ነገር ሆኗል። ስንዴው «ሜድ ኢንቱ ፍላወር» ነው፤ እዚህ የምንጀምረው ከጥሬ ዕቃው ነው። ኬክ «ሜድ ዊዝ ኤግስ» ሲባል እንቁላሉ ከሌሎች ነገሮች ጋር ገብቶበታል። የ«ኦፍ» እና የ«ፍሮም» ድንበር እንደ ብረት የጠነከረ አለመሆኑን ግን ለሁሉም ነግሬያለሁ። «ሜድ ፍሮም ውድ» የተባለ ወንበር ብታነቡ ስህተት አገኘን አትበሉ።

ከዚያ ድርጊት ሳይሆን ሁኔታ ወደሚናገሩት አለፍን። «ኢንተረስትድ ኢን»፣ «ወሪድ አባውት»፣ «ኮቨርድ ዊዝ»፣ «ሜሪድ ቱ»። የመጨረሻው ላይ ሁላችንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ እንወድቃለን። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል እንግሊዝኛውንም «ሜሪድ ዊዝ» እናደርገዋለን። እነዚህን ለመለየት የተጠቀምንበት መፈተኛ «ቬሪ» ነው። «ቬሪ ወሪድ» ያስኬዳል። ስለ መስኮቱ ግን «ዋዝ ቬሪ ብሮክን ባይ ኧ ቦይ» አያስኬድም። «ቬሪ»ን የሚቀበለው ቃል ቅጽል ወደ መሆን ሄዷል፤ ብዙ ጊዜም የራሱን ፕሪፖዚሽን ይዞ ነው የሚኖረው።

አንዳንዱ ቃል በሁለቱም በኩል ይቆማል። ውሻው አሁን ጮኾ ካስደነገጠኝ «ፍራይትንድ ባይ ዘ ዶግ»። ውሻ መፍራት ጠባዬ ከሆነ «ፍራይትንድ ኦፍ ዶግስ»። አንዲት ፕሪፖዚሽን የአንድ ቅጽበት ድንጋጤን ከዕድሜ ልክ ፍርሃት ትለያለች። «ኖውን»ም እንዲሁ ነው። በምን እንደምትታወቅ «ፎር»፣ ምን ተብለህ እንደምትታወቅ «አዝ»፣ ማን እንደሚያውቅህ «ቱ» ይነግሩናል።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ለእኔ የዓመቱ ጣፋጭ ክፍል ነበር። «ጓደኞቹ ሳቁበት» የሚለውን ወደ ፓሲቭ ለውጡ ስንላቸው ሁሉም «ሂ ዋዝ ላፍድ ባይ ሂዝ ፍሬንድስ» ብለው ጻፉ። ትክክለኛው «ላፍድ አት ባይ» ነው። ሁለት ፕሪፖዚሽን ጎን ለጎን! ማንም ሊያምን አልቻለም። ነገሩ ግን ሥርዓት አለው። «አት» የግሱ ንብረት ናት። ተሳቢው ወደ ፊት ሲሄድ እሷ እቦታዋ ትቀራለች። «ባይ» አድራጊውን ይዞ የመጣ እንግዳ ነው። «ሉክድ አፍተር ባይ»፣ «ቴክን ኬር ኦፍ ባይ» የሚባሉትም በዚሁ መንገድ ነው።

ይህን ስንጨቃጨቅ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ የሰነበተ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ተናገረ። «ይቺ ‹አት› እኮ ‹ተሳቀበት› ላይ ያለችው ‹በት› ናት» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመረ። ልክ ነው። አማርኛም «ሳቁበት»ን ወደ «ተሳቀበት» ሲለውጥ «በት»ን አይጥላትም። «አልጋው ተተኝቶበታል» እንላለን፤ እንግሊዝኛው «ዚስ ቤድ ሃዝ ቢን ስሌፕት ኢን» ይላል። «ኢን»ን ጣላት፣ ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። «በት»ን ከአማርኛው ብታነሳም «አልጋው ተኝቷል» ዓይነት ነገር ነው የሚተርፍህ። «ዘ ሃውስ ዋዝ ብሮክን ኢንቱ» ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ያለ «ኢንቱ» ሌባው ይጠፋና ቤቱ ይሰበራል። ከዚያ ቀን ወዲህ «አት»ን የሚረሳ አባል በጣም ጥቂት ነው። ደንቡን ስለሸመደዱ አይደለም። ከልጅነታቸው በአፋቸው የነበረ ነገር ስለሆነ ነው።

በተቃራኒው የማያስፈልግ ፕሪፖዚሽን የሚጨምሩም አሉ። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ከማለት የመጣ «ዋዝ ዲስከስድ አባውት» በየደብተሩ አለ። «አባውት» ትውጣ። «ኢዝ ኮንሲስትድ ኦፍ»ም እንዲሁ ይቅር፤ ይህ ግስ ፓሲቭ የለውም። ፓሲቭ ከተፈለገ «ኢዝ ኮምፖዝድ ኦፍ» አለ። «ባይ»ም ሁሌ አድራጊ አያመጣም። «ዘ ቦይ ዋዝ ፋውንድ ባይ ዘ ትሪ» ሲባል ልጁን ያገኘው ዛፉ አይደለም፣ ልጁ የተገኘው ዛፉ አጠገብ ነው።

በወላጆች ቀን አባላቱ አጭር ጭውውት አቅርበዋል፣ ጥሩም ነበር። እኔን ይበልጥ ያኮራኝ ግን ደብተሩ ነው። እያንዳንዱ አባል ካነበበው መጽሐፍ ያገኘውን ተደራጊ ግስ ከነፕሪፖዚሽኑ፣ ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ይጽፍበታል። በፊደል ተራ አላስቀመጥነውም። ማን አደረገው? በምን አደረገው? ከምን ተሠራ? በምን ሁኔታ ላይ ነው? ገጾቹ የተከፈሉት በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። ተማሪው ፕሪፖዚሽን ሲጠፋበት መጠየቅ ያለበትም እነዚህኑ ነው።

የእንግሊዝኛ መምህራን ባልደረቦቼን አንድ ነገር ልለምን። ባዶ ቦታ ሙሉ በሚል ጥያቄ «ሰርፕራይዝድ» ካወጣችሁ «አት»ንም «ባይ»ንም አማራጭ ውስጥ አታስገቡ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱን የጻፈ ልጅ ነጥብ ማጣት የለበትም።

ለከርሞ የያዝነው «ቱ»ን ነው። «ኦፖዝድ ቱ» እና መልመድን የሚናገረው «ዩዝድ ቱ» ከኋላቸው ግስ ሲመጣ ለምን «ኢንግ» እንደሚፈልጉ እናያለን፤ «ኦፖዝድ ቱ ቼንጂንግ ዘ ሩል» እንደሚባለው ማለት ነው። ደብተሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ። አባል ያልሆነም ሰው ያገኘውን ዓረፍተ ነገር ሊጨምርበት ይችላል፤ ከየት እንዳገኘው ብቻ ጎኑ ላይ ይጻፍ።