ስለ ብስክሌት ጉዞውና የዱር አበቦች ምልከታ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችሁ ከሳይንስ መምህራኖቻቸው ጋር በአካባቢያችን በብስክሌት እየተጓዙ በመንገድ ዳር የሚበቅሉ የዱር አበቦችን የሚመለከቱበትና የሚለዩበት መርሐ ግብር መዘጋጀቱን በአክብሮት እገልጻለሁ። ርቀቱ አጭር ቢሆንም በየመንገዱ ብዙ ጊዜ ስለምንቆም ጠዋቱን ሙሉ ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ልጆቹን ለመውሰድ ቀደም ብላችሁ እንዳትመጡ እጠይቃለሁ።

አንዳንዶቻችሁ ፎቶግራፍ አይቶ ስም የሚናገር የስልክ መተግበሪያ እያለ ልጆቹ በደብተር እንዲጽፉና እንዲስሉ የሚደረገው ለምን እንደሆነ ጠይቃችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፕላንትኔትና አይናቹራሊስት የተባሉትን መተግበሪያዎች እኛም እንጠቀምባቸዋለን፤ ይሁን እንጂ የሚሰጡት ግምት በመሆኑ፣ ተክሉን አስቀድሞ ያልመረመረ ልጅ ግምቱን ከመቀበል በቀር የሚያመዛዝንበት ነገር አይኖረውም። በመሆኑም ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ስልክ በመምህሩ እጅ ይኖራል፤ የሚከፈተውም ልጆቹ ያዩትን ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ነው።

ልጆች አበባን ሲለዩ ከቀለም ይጀምራሉ፤ ቀለም ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ አንድ ዝርያ ነጭም ሐምራዊም ሆኖ ሊያብብ ይችላልና። ስለዚህ ባለቀለሞቹ የአበባ ቅጠሎች ስንት እንደሆኑ፣ የተክሉ ቅጠሎች በግንዱ ላይ ፊት ለፊት ይሁን ተራ በተራ እንደተደረደሩ፣ ግንዱም ክብ ወይም ባለ ማዕዘን መሆኑን እንዲመለከቱ እናደርጋለን። አራት የአበባ ቅጠሎች በመስቀል ቅርጽ ተቀምጠው፣ በመካከላቸው አራት ረጃጅምና ሁለት አጫጭር የወንዴ ክፍሎች ከታዩ ተክሉ ከጎመንና ከሰናፍጭ ቤተሰብ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ግንዱ ባለ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሎቹ ፊት ለፊት፣ አበባውም ሁለት ከንፈር ያለው ሲሆን የናና ቤተሰብ ሊሆን ይችላል፤ ግንዱ ባለ ማዕዘን የሆነ ሁሉ ግን የናና ዘመድ ስላልሆነ ሦስቱ ምልክቶች አብረው መታየት አለባቸው። እኔ በግሌ በጉጉት የምጠብቀው ልጆቹ የሱፍ ቤተሰብ የሆነን አበባ በአጉሊ መነጽር የሚያዩበትን ጊዜ ነው፤ አንድ አበባ ብለው የቆጠሩት በአንድ ራስ ላይ የተሰበሰቡ የበርካታ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ሆኖ ያገኙታልና፤ ዳር ዳሩን የከበበው እያንዳንዱ ምላስ መሰል ቅጠልም ራሱን የቻለ አበባ ነው።

ፎቶግራፍ ሲነሣም አበባው ከፊትና ከጎን፣ ቅጠሉ፣ ግንዱ፣ በመጨረሻም ሙሉው ተክል ይነሣል፤ ከላይ ብቻ የተነሣ አበባ ለባለሙያም ቢሆን ለመለየት ያስቸግራል። የሚደረስበት ስም፣ ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለዕፅዋት ሁሉ በተጠቀመበት፣ የመጀመሪያው ቃል ወገኑን ሁለተኛው ዝርያውን በሚያመለክትበት የሁለት ቃል ሥርዓት መሠረት ይመዘገባል። ዝርያው ካልታወቀ ቤተሰቡን መጻፍ በቂ ነው፤ በዚህም ነጥብ አይቀነስም።

አበባ መቅጠፍ አይፈቀድም፤ የተቀጠፈ አበባ ዘር አያፈራም። ወደ አፍ ማስገባትማ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የካሮት ዘመድ የሆነው ሄምሎክ እንደ ጃንጥላ የተዘረጉ ነጫጭ አበቦች ያሉትና ሰውን የሚገድል መርዝ የያዘ ሲሆን፣ ጉዳት ከሌላቸው ዘመዶቹ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ ተክልም ዓይንንና ቆዳን ሊጎዳ ስለሚችል አይነካም።

ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሳያውቀው ዓይኑ ወዳረፈበት አቅጣጫ ስለሚያዘነብል፣ እየነዱ ወደ ዳር መመልከትን ከልክለናል። አበባ ያየ ልጅ እጁን ከመሪው ሳያነሣ በድምፅ ያሳውቃል፤ ቡድኑም መምህሩ በሚያሳየው ቦታ ከመንገድ ወጥቶ ይቆማል። ጉዞው በአንድ ረድፍ ይሆናል።

እናንተም ከጉዞው በፊት የብስክሌቱን ፍሬንና ጎማ እንድትፈትሹ፣ ልጁ የራስ መከላከያ ቆብ፣ ውኃ፣ እርሳስና ደብተር ይዞ እንዲመጣ እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። በንብ መነደፍ ወይም በአበባ ብናኝ የሚታመም ልጅ ካለ፣ የሚወስደውን መድኃኒት ጨምራችሁ እስከ ሐሙስ ድረስ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ በጽሑፍ አሳውቁን። ብስክሌት የሌለው ልጅ ከጓደኛው ጋር እየተፈራረቀ እንዲነዳ ስለምናደርግ በዚህ ምክንያት ማንም እንዳይቀር።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር