ለጥምቀት ልጆቻችንን ስናዘጋጅ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

ጥምቀት እየደረሰ ነው። ፍራጃይል ኤክስ (ከወላጅ በዘር የሚወረስ የአእምሮ እድገት ችግር) ላለበት ልጅ ከበሮው፣ ግፊያውና የዘመድ አዝማዱ ሰላምታ በአንድ ላይ ሲመጣበት መጥኖ መቀበል ይከብደዋል። እጁን ማራገቡ፣ መዳፉን መንከሱ ወይም መሮጡ ቅብጠት አይደለም። ኤፍኤምአር1 በሚባለው ዘረመል (ጂን) ላይ ሲጂጂ የሚባሉት ሦስት ፊደላት ድግግሞሽ ከ200 ሲያልፍ ዘረመሉ ሥራውን ያቆማል፤ አንጎል የሚያስፈልገው ፕሮቲን ይጎድለዋል።

ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ አራት ሥዕል በቅደም ተከተል አሳዩት፦ ልብስ መልበስ፣ መንገድ፣ ታቦት፣ ወደ ቤት መመለስ። የመጨረሻዋን ሥዕል አትርሱ፤ መቼ እንደሚያበቃ ያላወቀ ልጅ ነው ቶሎ የሚረበሸው። ከድምፅ ማጉያው ርቃችሁ፣ መውጫው አጠገብ ቁሙ። የተጠቀለለ ጋቢ አሸክሙት፤ ክብደት አንዳንድ ልጆችን ያረጋጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ 20 ደቂቃ ይበቃል። ደስ ብሎት ሳለ ተመለሱ እንጂ እስኪያለቅስ አትጠብቁ።

«ቀና ብለህ እየኝ» አትበሉት፣ ዘመድም አያስገድደው። ዓይን ለዓይን መተያየት ጭንቀቱን ያባብሰዋል፤ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ አነጋግሩት። በእኛ በጎጃም አንገት መድፋት እንደ ጨዋነት ስለሚታይ ይህ ዓይን የመሸሽ ምልክት ሳይስተዋል ዓመታት ሊያልፍ ይችላል።

የሚጥል ሕመም ወይም ተደጋጋሚ የጆሮ ሕመም ካለው ሐኪም ይየው። ምርመራው የደም ነው፤ በእናት በኩል ባሉ አጎቶችና የአክስት ልጆች ላይም ተመሳሳይ ምልክት እንዳለ ጠይቁ። እናትን ግን ማንም እንዳይወቅሳት፤ አባትም የዘረመሉን ለውጥ ሳይታወቀው ለሴት ልጆቹ ሁሉ ሊያስተላልፈው ይችላል።