ጭራውን ፈልጊ

ውድ አባዬ፣

ነብሩን አየነው። ማለቴ፣ እነሱ አዩት። እኔ ያየሁት በሁለተኛው ቀን ነው፤ እሱንም እነግርሃለሁ። በመጀመሪያ ግን እንኳን ለ70ኛ ዓመትህ አደረሰህ።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ሁለቴ ደወልኩ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። የምታነብልህ ታናሿ እህቴ እንደሆነች አውቃለሁ። እህቴ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢለት። መሀል ላይ አንቺን የሚመለከት ነገር አለ፤ ዘለሽ እንዳታልፊው።

ኬንያ፣ ማሳይ ማራ የሚባለው የአራዊት ፓርክ ስንደርስ መሽቶ ነበር። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ብርዱ ለጉድ ነው፤ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን መኪና ውስጥ ከተትናቸው። የፓርኩ በር የሚከፈተው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ደግሞ ታውቃለህ፣ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደ እኛ ነው። አስጎብኚያችን «ሳ ኩሚ ና ምቢሊ» ሲል አሥራ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ይህን ስሰማ አንተ ትዝ አልከኝ። አብረኸን ብትሆን ሰውየውን ቀኑን ሙሉ በጥያቄ ታደክመው ነበር።

መኪናው ጣሪያው የሚከፈት ላንድክሩዘር ነው። አስጎብኚው እዚያው ያደገ ማሳይ ነው። ራሱ ይነዳል፣ ራሱ ያያል፣ ራሱ ያዳምጣል። ትንሿ ልጄ ገና ከበሩ ሳንርቅ «ነብሩ የት አለ?» አለችው። «ነብሩን አሁን አንፈልገውም፤ መጀመሪያ እሱን ያዩትን እንፈልጋለን» አላት።

እንዴት እንደሆነ አሳየን። ኢምፓላ የሚባሉት ሚዳቋ መሰል እንስሳት አንገታቸውን ደፍተው ሣር የሚነጩ ከሆነ ዝም ብለን እናልፋለን። ሁሉም ቀና ብለው ወደ አንድ አቅጣጫ ካፈጠጡ ግን ሞተር ይጠፋል። ከዚያ ማዳመጥ ነው። ኢምፓላው በአፍንጫው በኃይል ይተነፍሳል። ዝንጀሮው እንደ ውሻ ይጮሃል። የጦጣዎቹ ነገር ደግሞ ከሁሉም በለጠብኝ። እዚያው ኬንያ ውስጥ፣ አምቦሴሊ በሚባለው ቦታ፣ ተመራማሪዎች ድምፃቸውን ቀድተው መልሰው አሰሟቸው። ጥናቱ እንደ አውሮፓውያን በ1980 ታተመ። ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ የሚያሰሙት ጩኸት የተለያየ ነው። የነብሩን ሲሰሙ ዛፍ ላይ ይወጣሉ። የንስሩን ሲሰሙ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣሉ። የእባቡን ሲሰሙ ቆም ብለው ሣሩን ይቃኛሉ። ትልቁ ልጄ ይህን ከሰማ ወዲህ ጦጣ ባየ ቁጥር ዝም በሉ እያለ አስቸገረን።

ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ዞርን። ትልልቅ ዛፎች ሥር ስንደርስ አስጎብኚው ፍጥነት ይቀንሳል። «ቅርንጫፉን አትዩ፣ ከሥሩ እዩ፤ ጭራው ተንጠልጥሎ ይታያል» አለን።

አባዬ፣ ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ተሰነቀረ። ያ ግድግዳው ላይ የነበረው የቀን መቁጠሪያ! ዓመቱ ካለፈ በኋላም አላወርድም ያልከው። እማዬ ስንቴ ልታነሳው ሞከረች። ጉልበትህ ላይ አስቀምጠኸኝ «ጭራውን ፈልጊ» ትለኛለህ። ሳገኘው ደግሞ ነጥቦቹን ታስቆጥረኛለህ። አንድ ቀን አብረን ሄደን በዓይናችን እናየዋለን ያልከውም ያኔ ነው። ዘንድሮ ትኬትህን ልቁረጥ ስልህ «መንገዱ ይበዛብኛል» አልክ። መንገድ በዝቶብህ እንዳልሆነ አሁን ገብቶኛል።

ሬዲዮው አንድ ነገር አለ፤ አስጎብኚውም መኪናውን አዞረው። ታሌክ ወንዝ ዳር አራት መኪናዎች ቆመዋል። እኛ አምስተኛ ሆንን። ከአምስት በላይ አንድ እንስሳ ጋ መቆም አይፈቀድም። ከመንገዱ ወጥቶ ሣሩ ላይ መንዳትም ክልክል ነው። ስለዚህ ከቆምንበት ሆነን ማየት ነበረብን። ዛፉ እንደ ቋሊማ የረዘሙ ፍሬዎች አንጠልጥሏል።

ባለቤቴ አየው። ትልቁ አየው። ትንሿ «ጭራው! ጭራው!» እያለች በሹክሹክታ ልትሞት ደረሰች። አስጎብኚው በጣቱ መራኝ፤ ግንዱ፣ ሁለተኛው ቅርንጫፍ፣ ከዚያ ወደ ግራ። የሩቅ ማያ መነጽሩን ተቀበልኩ። ቅጠል፣ ብርሃን፣ ጥላ። ሌላ ምንም የለም። ሁሉም ፊቴን እያዩ ይጠብቃሉ።

«አየሁት፣ ያምራል» አልኩ።

ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ ያንተን ድምፅ ነው የሰማሁት። ባለፈው ስመጣ የልጆቹን ፎቶ በስልኬ ላሳይህ እጄን ዘረጋሁ። «አየሁ፣ ያምራሉ» አልከኝ። የስልኩ መብራት ጠፍቶ ነበር እኮ፣ አባዬ። ጥቁር መስታወት ነበር የያዝኩልህ። ዝም አልኩ። አንተም ዝም አልክ።

የዓይን ጠብታውን ግን በሰዓቱ እያደረግህ ነው? ሁለቱን አከታትለህ እንዳታደርጋቸው። በመሀል አምስት ደቂቃ ጠብቅ፤ አለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል። ካደረግህ በኋላ ዓይንህን ጨፍነህ ከአፍንጫህ አጠገብ ያለውን ጥግ በጣትህ ትንሽ ጫን በለው። ደረት የሚያፍን ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር ካለ ለሐኪሙ ንገር፤ ከጠብታዎቹ አንዳንዱ ለአስም አይሆንም። ደረጃው ጫፍ ላይ ያለችው ምንጣፍ ደግሞ ትነሳ። ይህን ለሦስተኛ ጊዜ መናገሬ ነው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ቁመቱ ደርሶብኛል። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶቿን አውልቃ «ስ»ን መናገር አቅቷታል። አያቴ ነብር ይወዳል ብላ ሥዕል ሥላልሃለች፤ ነጥቦቹን ጣትህ እንዲያገኛቸው በሙጫ ከፍ ከፍ አድርጋቸዋለች። እንዲህ አድርጊ ያላት ሰው የለም። እሷ ካንተ ጋ አንድ ሳምንት ነው የቆየችው፤ እኛ ስንት ዓመት ያላየነውን አይታለች።

ይህን ሁሉ የማወራው ወደ ሌላው ነገር ላለመድረስ ነው። ልድረስ።

የስምንተኛ ክፍል ውጤት የተሰጠን ቀን። አንደኛ ወጥቼ ነበር። ካርዴን ይዤ መንገዱ ዳር ቆምኩ፤ በዚያ እንደምታልፍ አውቃለሁ። ስትመጣ ከሩቅ አየሁህ። ካርዱን ከፍ አደረግኩት። አልጠራሁህም፤ ራስህ እንድታየኝ ነበር የፈለግኩት። በግራህ በኩል፣ እጄን ብዘረጋ ኮትህን በምነካበት ርቀት አለፍክ። ዞር አላልክም። ጓደኞቼ ከኋላዬ ቆመው ነበር።

ቤት ገብቼ ካርዱን ፍራሽ ሥር ደበቅኩት። ስትጠይቀኝ ገና አልተሰጠንም አልኩህ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅክም። እኔም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ላንተ የሆነ ነገር ማሳየት አቆምኩ። ዲግሪዬንም፣ ቤቴንም። ሠርጌ ላይ ስታለቅስ እንኳ «ዛሬ ነው ያየኸኝ?» ብዬ በልቤ ተናግሬሃለሁ። የታላቄን ነገር እዚህ አላነሳም፤ ያንተና የእሱ ነው። የመንገዱ ዳር ግን የእኔ ነው። 28 ዓመት ይዤዋለሁ።

ያኔ አንተ 42 ዓመትህ ነበር። እኔ ዘንድሮ 42 ሆነኛል።

ከማራ ስንመለስ ዓይኔን ታየሁ። ሐኪሟ ስለ ነብሩ ስነግራት ዛፍ ላይ ያለ ነብር ለማንም ቢሰወር የሚገርም አይደለም፣ የዓይን በሽታ ምልክትም አይሆንም አለችኝ። ቢሆንም መረመረችኝ። አገጭህን ታሳርፋለህ፣ አንድ ዓይንህ ይሸፈናል፣ መሀል ላይ ታፈጣለህ። ትንንሽ መብራቶች ብልጭ ይላሉ። ባየህ ቁጥር ቁልፉን ትጫናለህ። ይህን ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም። እኔ ሁሉንም የተጫንኩ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱ ሲወጣ በግራ ዓይኔ በኩል ጥቁር ጥላ አለ። የዓይኔ ግፊትም ከፍ ብሏል።

«በቤተሰብ ውስጥ ግላኮማ ያለበት ሰው አለ?» አለችኝ።

አዎ፣ አባቴ አልኩ። ከመቼ ጀምሮ ብትለኝ ግን የምመልሰው አጣሁ። አላውቅም፣ አባዬ። አንድ ዓይንህ ከሄደ በኋላ ነው የነገርከን። ያኔም «የእርጅና ነው» አልክ። ልጆችና እህት ወንድሞች ከሌላው ሰው የበለጠ እንደሚያሰጋቸው፣ መታየት እንዳለባቸው፣ ለአንተም ሐኪሞቹ ሳይነግሩህ አልቀሩም። የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳው ይህ በሽታ አያምም። የጎደለውን ደግሞ አእምሮ ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ሰው ጎደለብኝ አይልም። የጠፋው አይመለስም። የእኔ ገና መጀመሪያው ነው፤ ጠብታው ሊያቆየው ይችላል ተብያለሁ። አትደንግጥ። ግን ለምን ዝም አልክ? እኛን ላለማሳሰብ ነው? ወይስ እንዲታወቅብህ ስላልፈለግህ? በዚህ ተናድጄብሃለሁ። ተናድጄም ሌሊት ስለ ዓይንህ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣለሁ።

እህቴ፣ ያልኩሽ ቦታ ይሄ ነው። በዚህ ሳምንት ሂጂ። ደህና ነኝ አትበይኝ፤ እኔም ደህና ነበርኩ። ለታላቃችን አባዬ ራሱ ይንገረው፤ ከእኔ አይሰማም።

ከዚያ ወዲህ ያንን መንገድ ደጋግሜ አስበዋለሁ። የቆምኩት በግራህ ነበር። ቀድሞ የሄደብህም ግራው ነው። ያኔ ጀምሮህ ነበር? ሳታየኝ ነው ያለፍከው? ወይስ ሐሳብ ይዞህ ነው? ወይስ አይተኸኝ? የትኛውም ቢሆን እችለዋለሁ። አለማወቁን ነው ያልቻልኩት።

አሁን ነብሩን ልንገርህ።

በሁለተኛው ቀን አስጎብኚው ጠጋ ብሎ ማንም ሳይሰማ «ትናንት አላየሽውም፣ አይደል?» አለኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ምንም አላለም፤ ከፊት አጠገቡ አስቀመጠኝ። ወደ ማታ 11 ሰዓት ገደማ ኢምፓላዎቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። ሞተሩን አጠፋ። በጣቱ አላሳየኝም። ጠብቂ ብቻ አለኝ።

ሴት ናት። ከዛፉ በጭንቅላቷ ቁልቁል ወረደች፣ እንደ ውሃ። ነጥቦቿ በቀን መቁጠሪያው ላይ እንደቆጠርናቸው ድፍን አይደሉም። ድፍኑ ፊቷና እግሯ ላይ ነው ያለው። ጀርባዋ ላይ ያሉት እንደ አበባ ቅጠል ዙሪያቸው ጥቁር፣ መሀላቸው ከሌላው ቆዳ ጠቆር ያለ ወርቃማ ነው። አንዷ ነብር ከሌላዋ የምትለየው በእነሱ ነው፤ የሁለት ነብሮች ነጥብ አንድ ዓይነት አይሆንም። መሬት ከነካች በኋላ ሣሩ ዋጣት። ሙሉ በሙሉ፣ አባዬ። ሣሩ ከጉልበት አይበልጥም፣ ግን ጠፋች።

ከዚያ ጭራዋ ብቅ አለ። ጫፉ ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ ከሥሩ ነጭ ነው። በሣሩ ላይ ያ ነጭ ነገር ብቻውን ይሄዳል። «ለልጇ ነው» አለኝ አስጎብኚው። ትንሽ ቆይቶ ከቁጥቋጦው ሥር ግልገሏ ወጣች። እናቷን የምታያት አይመስለኝም፣ ሣሩ ከእሷ ይረዝማል። ነጩን ተከትላ ሄደች።

በስመአብ እንኳ አላልኩም። ዝም ብዬ አለቀስኩ። ልጆቹ ነብሩ አስፈርቷት ነው ብለው ለሁሉም አውርተዋል።

ያን ሌሊት ደግሞ ከሰፈርንበት ድንኳን ውጭ ድምፅ ሰማሁ። እንጨት በመጋዝ የሚቆርጥ ሰው ይመስላል፤ ወዲያ፣ ወዲህ፣ ወዲያ፣ ወዲህ። የነብር ድምፅ እንዲህ እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንተም እንደማታውቅ እርግጠኛ ነኝ፤ የቀን መቁጠሪያ ድምፅ የለው። በስልኬ ቀዳሁት። እህቴ ስልክ ላይ ልኬዋለሁ፤ ደብዳቤው ሲያልቅ ታሰማሃለች። ድምፁን ከፍ አድርጊለት። መጨረሻ ላይ የሚሰማው ትንፋሽ የእኔ ነው።

የሚቀጥለው ወር መጨረሻ ላይ እመጣለሁ። እስከዚያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ በየቀኑ እደውላለሁ፤ የእኔም ጠብታ በዚያ ሰዓት ነው። አብረን እናደርጋለን። ስለ መንገዱ መናገር ከፈለግህ ትነግረኛለህ። ካልፈለግህም ጠብታውን አድርገን እንተኛለን። ስልኩን በቀኝህ በኩል አስቀምጠው።

ልጅህ