ከስቱኮው በፊት ላሜራውን እንይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ስለ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነው። የአባቴ ፔጆ 404 ናት። ጉዳዩ ግን የእኔ ብቻ አይደለም። መኪናውን ቦዲ ሊያሠራ ጋራዥ ያስገባ ሰው ሁሉ ይመለከተዋል።

አባቴ ይህቺን መኪና የገዛት በ1965 ዓ.ም. ነው። ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት እየጫነ አዲስ አበባ አትክልት ተራ ያደርስባት ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ሲነሳ ግቢው በሙሉ በሞተሯ ድምፅ ይነቃል። ስድስት ልጆች ያደግነውም የተማርነውም በእሷ ነው። ካምቢዮዋ መሪው ላይ ነው። ሞተሯ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ጋደም ብሏል። ትንሽ ልጅ ሆኜ ኮፈኑ ተከፍቶ ሳየው የተሰበረ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አባቴ ስለ 404 ሲጠየቅ ሁልጊዜ የሚያነሳው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈችው 404 ናት። ዓመቶቹን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣቸው ነበር።

በ1999 ዓ.ም. አረፈ። መኪናዋም ግቢ ውስጥ ግራር ሥር ቆመች። ዘመድ ሁሉ "ቁራሌው ይውሰዳት፣ በኪሎ ሽጧት" አለን። እናቴ እምቢ አለች። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ በየፋሲካው ዋዜማ መስታወቷን በጨርቅ ስትወለውል አይቻታለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ትንሽ ገንዘብ ሳገኝ ላሠራት ወሰንኩ። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። 85 ሺህ ብር ተስማማን። በሦስት ሳምንት "ጨርሰናል፣ ና ውሰድ" አሉኝ። ስሄድ ነጭ ሆና ታበራለች። እናቴ እልል አለች። እኔም ሁለት ጊዜ ሳላስብ ቀሪውን ከፈልኩ።

ክረምቱ መጣ። ነሐሴ ላይ ከሾፌሩ በር ሥር ያለው ደፍ ላይ ቀለሙ አረፋ አረፋ ሠራ። በጣቴ ጫን ሳደርገው ገባ። ካቻቪቴ ይዤ ጫፉን ሳነሳው የእጄን መዳፍ የሚያህል ስቱኮ፣ ማለትም የጎደጎደ ላሜራ የሚሞላበት ደርቆ የሚጠነክር ሊጥ መሳይ ነገር፣ እንደ ቅርፊት ተገምጦ ወደቀ። ውፍረቱ አውራ ጣቴን ያህላል። ከሥሩ ላሜራ የለም። ያለው የተጣጠፈና የበሰበሰ ጋዜጣ ነው። ቀዳዳውን በጋዜጣ ወትፈው፣ በላዩ ስቱኮ መርገው፣ ቀለም ቀብተውበታል። ያን ቀን ደፉ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። የጋዜጣው ፊደል ገና ይነበብ ነበር።

ማግኔት የመያዝን ዘዴ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ማግኔቷን ቀለሙን እንዳትጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልዬ በመኪናዋ መላ አካል ላይ አዞርኳት። ጤነኛ ላሜራ ላይ ማግኔቱ ጥብቅ ይላል። ስቱኮው በወፈረበት ቦታ ይንሸራተትና እጄ ላይ ይቀራል። ግራ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ላይ አልያዘም። ሁለቱም የበር ደፎች ላይ አልያዘም። የካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) ወለል ጥግና ጥጉ ላይ አልያዘም። ካሶኒው የሆነው አይገርመኝም። የቲማቲም ውኃ ኮምጣጣ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሲንጠባጠብበት ቀለሙን በልቶ ብረቱ ውስጥ ገብቷል። ላሜራ በላሜራ ላይ የተደረበበት መገጣጠሚያ ደግሞ ውኃውን ያቁረዋል። ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ። ከላይ የሚታየን መጨረሻው ነው።

አንድ ጎሚስታ ጓደኛዬ እዚሁ አዳማ ወዳለ ሽማግሌ ባትላሜራ ወሰደኝ። 71 ዓመታቸው ነው። ሱቅ የላቸውም፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ። ባትላሜራ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ላሜራ መቺ ማለት ነው። እሳቸው በእርግጥም ላሜራ ይመታሉ። መኪናዋን ዞረው ካዩ በኋላ "ልጄ፣ መጀመሪያ ራቁቷን እናውጣት" አሉኝ።

ቀለሙ በሙሉ ተፋቀ። በምላጭ ጫፍ ሲታይ አራት ድርብ ነበር፤ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ከሁሉም ሥር ግራጫ። ግራጫው ከፋብሪካ የወጣችበት ነው። ከወንበሩ ጀርባ ፀሐይ ያልነካው ቦታ ላይ ልክ እንደ አዲስ ሆኖ አገኘነው። ቀለም ቀማሚው ያንን አይቶ ነው ያመሳሰለልኝ።

የዛገው ላሜራ ከዝገቱ ሁለት ጣት ያህል አልፎ ነጭ ብረት እስኪገኝ ተቆረጠ። በምትኩ የ1 ሚሊ ላሜራ ተቆርጦ፣ ተጣጥፎ፣ ነጥብ ነጥብ እየተደረገ ተበየደ። አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ እዚያ ማዶ። ባንድ ጊዜ ከተሳበ ሙቀቱ ላሜራውን ያጣምመዋል። ግራ ፓራፋንጎ ግን ከመጠገን አልፎ ነበር። ሌላውን ከሐረር አመጣሁት። 404 ሐረርና ድሬዳዋ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆና ስለሠራች አካሏ እዚያ ይገኛል። የኋላ መብራቷን ሱማሌ ተራ አገኘሁ።

ኮፈኑ ላይ ያየሁትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። መሐሉ ላይ ያበጠ ቦታ ነበር። ስትጫነው ቋ ብሎ ይገባል፣ ስትለቀው ተመልሶ ይወጣል። ሽማግሌው ስስ ጨርቅ መዳፋቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ዳሰሱት። "እዚህ ጋ ነው፣ ንካው" አሉኝ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። በጠመኔ አከበቡት። በኦክስጅኑ እሳት የአንዲት ባለ 10 ሳንቲም ገንዘብ ያህል ቦታ ብቻ እስኪቀላ አጋሉ። ከሥር ብረት ደግፈው ዙሪያውን ቶሎ ቶሎ መታ መታ አደረጉት። ወዲያው እርጥብ ጨርቅ ጣሉበት። ጢስ አለ። ያበጠው ላሜራ ስብስብ ብሎ ቦታው ገባ። ተመትቶ የተለጠጠ ብረት ቦታ አጥቶ ነው የሚያብጠው፤ ሲግልና ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። በዚያ ኮፈን ላይ እንዲህ ያለ ሰባት ቦታ ነበር። ሰባቱንም ሲያወጡ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ስቱኮ ቢሆን የአስር ደቂቃ ሥራ ነበር።

ስቱኮ ጭራሽ አይነካ አልልም። እሳቸውም ቀብተዋል። ግን ላሜራው ከተስተካከለ በኋላ፣ እንደ ቅባት ስስ አድርገው፣ ከ2 ሚሊ ሳይበልጥ። ከዚያ ጥቁር ቀለም በስሱ ይረጩበትና በብርጭቆ ወረቀት ያሻሉ። ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ 80 ቁጥር፣ ቀጥሎ 180፣ ከዚያ 320። አንቲረስቱ (ዝገት መከላከያው ቀለም) የሚቀባው ላሜራው በተፋቀበት ቀን ነው። ክረምት ላይ ራቁቱን ያደረ ብረት ጠዋት ቀይ አቧራ ለብሶ ይነሳል።

ቀለሙን የረጨው ወጣት ልጅ ነው። ጎበዝ ነው። ወለሉን ውኃ አርከፍክፎ አቧራውን አስተኛ። መስታወቱንና ጎማውን በጋዜጣ ሸፈነ። ጋዜጣ ቦታው እዚያ ነው። ግን አፍንጫው ላይ ያሰረው ነጠላ ጨርቅ ብቻ ነበር። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ማጠንከሪያ እየተቀላቀለበት የሚረጨው ቀለም ውስጥ ኢሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ሳንባን ይጎዳል፤ አስም ያመጣል። አንዴ አስሙ ከጀመረ ሰውየው ያንን ቀለም ትንሽ ቢሸተው እንኳ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ጨርቅም ሆነ የአቧራ ማስክ አያስቆመውም። ለዚህ የሚሆን ማጣሪያ ያለው የፊት መሸፈኛ ገዝቼ ሰጠሁት። "ከዚህ በፊት የሰጠኝ የለም" አለኝ። ስንት ዓመት እንደሠራ ስጠይቀው ስድስት ዓመት አለኝ። ባለመኪኖች ሆይ፣ ለራሳችን ጎማ እንደምንገዛ ሁሉ ይህንንም እንግዛላቸው። ጋራዥ ያላችሁም ደግሞ ግዴታችሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል። ስለዚህ መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ላሜራቸውን የሚያውቅ እጅ ያስፈልገናል። እኔ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ግን የሚያስተምሩት ልጅ የላቸውም። "ልጆቹ ይመጣሉ፣ አንድ ወር አይቆዩም" አሉኝ። ምክንያቱን ሲነግሩኝ አፈርኩ። ደንበኛው የሚከፍለው በሚያብረቀርቀው ልክ ነው። አስራ ዘጠኝ ቀን ላሜራ የመታ ሰውና በሦስት ቀን ስቱኮ የመረገ ሰው እኩል ይከፈላቸዋል። እኔም የመጀመሪያው ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ቀለሙን አይቼ ከፈልኩ።

ስለዚህ መኪና የምታሠሩ ወገኖቼ፣ ከጋራዡ ጋር ስትስማሙ አንድ ነገር ጻፉበት፤ "ስቱኮ ከመቀባቱ በፊት ጠርታችሁ ላሜራውን ታሳዩኛላችሁ።" በዚያ ቀን ሂዱ። በእጃችሁ ንኩት። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ክፍያውንም ሁለት ቦታ ክፈሉት፤ ግማሹ ላሜራው ታይቶ፣ ግማሹ ቀለሙ ደርቆ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎችን በሳምንት ሁለት ቀን ጠርተው ቢያስተምሩባቸው፣ ዲግሪ የላቸውም ሳይሉ ቢከፍሏቸው፣ እጃቸው ሳይደክም እንደርስባቸዋለን።

መኪናዋ አሁን ግራጫ ናት። ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ አሳደርኳት፤ ደፉን በየሳምንቱ እጫነዋለሁ፣ አይገባም። ማግኔቷን ከነጨርቋ ዳሽቦርዱ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ጎረቤቶቼ ተውሰዋት መልሰዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የመቂው ቲማቲም ነጋዴ ልጅ
ከአዳማ