ለልጄ፦ አጥር የሌለው እርሻ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ስናወራ የመሬት አስተዳደር ትምህርቱ ደረቅ ሆነብኝ ያልሽኝ ከልቤ አልወጣም። ያየሁትን ልጻፍልሽ።

የኅዳር ሚካኤል ባለፈ በሳምንቱ ሐሙስ፣ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ላክስተን ወደምትባል የገበሬ መንደር ይዞኝ ሄደ። እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃምሻየር የሚባል አውራጃ ውስጥ ናት። ቤተ ክርስቲያኗም የሚካኤል ሆና አገኘኋትና ተሳለምኩ።

የእንግሊዝ ገጠር መስኩ ሁሉ በቁጥቋጦ አጥር የተከፋፈለ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ገበሬው በሰፊ የጋራ መስክ ላይ እዚህም እዚያም ረዣዥም ቀጫጭን ማሳ ነበረው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1604 እስከ 1914 ፓርላማው ከ5,200 በላይ አዋጅ እያወጣ መስኩን በአጥር አስከፋፈለው፤ ስንቱ ድኻ ላሙን የሚያግድበት የጋራ ግጦሽ አጣ። ላክስተን ግን ተረፈች። ሁለቱ ትልልቅ ባለርስቶች መስማማት አቅቷቸው ነው ይባላል።

ዛሬም ሦስት መስክ አላት፦ የምዕራብ መስክ፣ የደቡብ መስክና የወፍጮ መስክ። አንዱ ስንዴ ሲዘራበት፣ ሌላው በጸደይ ገብስ ወይም ባቄላ ይዘራበታል፣ ሦስተኛው ጦም ያድራል። በዓመቱ ይዞራል። አያትሽም እኮ «መሬት ካልጦመ አያጠግብም» ይሉ ነበር! በየማሳው መካከል አጥር የለም፤ ዐይንሽ እስኪደክም ቡቃያ ነው።

ልጽፍልሽ የፈለግሁት ግን ስለ ሽማግሌዎቹ ነው። በየዓመቱ ከመንደሩ ገበሬዎች የተመረጡ ዳኞች በትራክተር ተጎታች ተጭነው ስንዴ ወደተዘራበት መስክ ይወጣሉ። የመንገዱንና የሣሩን ዳር ይለካሉ፤ ሳይክ የሚሉት የማይታረስ የሣር ቦታ አላቸው፣ ድርቆሹ በጨረታ ይሸጣል። አንድ ቦታ ላይ እርሻው ወደ ሣሩ ገባ ብሎ ነበር። ሁለት ክንድ እንኳ አይሞላም። አንዱ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በጫማው ጠረገና አሮጌውን ወሰን ፈለገ። ሌላው ችካሉን አቆመ፣ ሦስተኛው በመዶሻ ቸከለው። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከዚያ ደቭኮት በሚባለው የመንደሩ መጠጥ ቤት አብረው ምሳ በሉ። በሳምንቱ ኮርት ሊት የሚሉት የመንደሩ ችሎት እዚያው ይሰየማል፤ ድንበር የገፋ መቀጫውን ይከፍላል፣ ለቀጣዩ ዓመት ሌሎች ዳኞች ይምላሉ።

ልጄ፣ ያን ችካል ሳይ እንባዬ መጣ። አያትሽና ጎረቤታቸው በአንድ ትልም ምክንያት ስንት ዓመት እንደተካሰሱ ነግሬሽ አላውቅም። በሬ ተሸጠ፣ ላም ተሸጠች። ጎረቤታችን ሲሞት አባቴ ለቅሶ አልደረሱም፤ እሱ ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው አንገበገባቸው። እኔ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ በየቀጠሮው ስንቃቸውን ተሸክሜ እከተላቸው ነበር።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1635 ማርክ ፒርስ የሚባል ቀያሽ የሠራው የመንደሯ ካርታ አለ፤ ዋናው ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው፣ እኔ ቅጂውን አየሁ። እያንዳንዱ ማሳ ተለክቶ ሰፍሯል፣ የሚያርሱና የሚያጭዱ ሰዎችም ተሥለውበታል። ከዚያ ወዲህ የመሬቱ ባለቤት ተቀያይሯል፤ በ1952 መንግሥት ገዛው፣ በ2020 ደግሞ ቶርስቢ ለሚባለው ርስት ተሸጠ። ገበሬዎቹ ተከራዮች ናቸው፤ ወሰኑን ግን ራሳቸው ይጠብቃሉ። አንቺ ነገ በመሣሪያ የምትለኪው ነገር ይኸው ነው። መሣሪያውን ከመትከልሽ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዘሽ ማሳውን በእግርሽ ዙሪው።

ለፋሲካ አገር ቤት ስትወርጂ አንድ ነገር አደራ። ከወንዙ ማዶ አባቴና ጎረቤታችን የተካሰሱበት ወሰን ላይ አንድ ቁልቋል ነበር። ካለ ፎቶ አንሺልኝ። የጎረቤታችንን ልጆችም ጠይቂልኝ፣ ከእኔ ሰላምታ አድርሺ።

አባትሽ